«ቁጭ ብሎ የሚከፈልበት ሥራ» (ክርክር)

የሬንተን እናት፦ ትናንት በሲያትል ስብሰባችን ላይ አንድ ወንድም «ሆም ኬር፣ ማለት አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መርዳት፣ ቁጭ ብሎ የሚከፈልበት ሥራ ነው፤ ጭራሽ በእኛ ታክስ የጤና ኢንሹራንስ ይሰጣቸዋል» አለ። ሰው አጨበጨበለት። ውስጤ ነው የቆሰለው።

ታክስ ከፋይ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። እናቴ ኬርጊቨሯ፣ የምትንከባከባት ሠራተኛ፣ ሳሎን ቁጭ ብላ እያለች ሻወር ቤት ወደቀች። መውደቅን ካልጠበቀች ምኑን ጠበቀች?

ነርሷ፦ እግዚአብሔር ይማራቸው። ግን የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት ሲዲሲ እንደሚለው ዕድሜያቸው 65 ከሞላ ሰዎች ከአራቱ ቢያንስ አንዱ በየዓመቱ ይወድቃል። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ እንደገና የመውደቅ ዕድሉ እጥፍ ነው። እናቶቻችን የግፊት ኪኒን ይወስዳሉ፣ በጾም ውሃ አይቀምሱም፣ ሌሊት ለጸሎት ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ሻወሩ መያዣ ብረት አለው? ስንት ዓይነት ኪኒን ነው የሚወስዱት?

ታክስ ከፋይ፦ ብረት የለውም። ኪኒኑን ኬርጊቨሯ ናት የምታውቀው።

የሆም ኬር ሠራተኛ፦ እና እሷን ነው «ቁጭ ብላ» የምትላት? እኔ የማግዛቸው እማማ እንግዳ ሲመጣ ዎከራቸውን፣ ይዘው የሚራመዱበትን፣ ሶፋ ጀርባ ይደብቃሉ። ቡና ሲፈላ በርጩማ ላይ ካልተቀመጥኩ ይላሉ። ከዚያ የሚያነሣቸው የእኔ ወገብ ነው። ለዚህ ወገብ ኢንሹራንስ በዛበት?

ታክስ ከፋይ፦ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስሸከም የእኔም ወገብ ያመኛል። ኢንሹራንሴን ግን ከኪሴ ነው የምከፍለው።

የዩኒየን ልጅ፦ እነሱም በነፃ አያገኙም። በዩኒየኑ፣ በሠራተኛ ማኅበሩ፣ በኩል ለማግኘት ሁለት ወር በተከታታይ፣ በየወሩ ቢያንስ 80 ሰዓት መሥራት አለባቸው። በወር 25 ዶላርም ይከፍላሉ። እማማ ወድቀው ሆስፒታል ሲተኙ የሚከፈላት የሥራ ሰዓት ይቆማል። ሌላ የምትረዳው ሰው ከሌላት 80 ሰዓቱ አይሞላም፤ ኢንሹራንሱም ሊሄድባት ነው። እንዳይወድቁ ከልጅ ቀጥላ የምትጨነቀው እሷ ናት።

ታክስ ከፋይ፦ ይኸው! የምትጨነቀው ለሰዓቷ ነው ማለት ነው።

የሆም ኬር ሠራተኛ፦ ለእንጀራዬም ለእማማም እጨነቃለሁ። ሁለቱን ምን አጣላቸው?

አባባ፦ በእኛ ጊዜ እናትን የሚጦር ልጅ ነበር። ለባዳ ሰጥታችሁ ትካሰሳላችሁ።

የሬንተን እናት፦ አባባ፣ ልጁም እኮ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ሠልጥነው የገዛ እናታቸውን እየጦሩ በሜዲኬድ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በመንግሥት የጤና ሽፋን፣ የሚከፈላቸውም ብዙ ናቸው። እነሱንም ቁጭ ያሉ ልንላቸው ነው?

ታክስ ከፋይ፦ ስለ ልጆች አላወራሁም። ከደሞዜ 0.58 በመቶ ለዋ ኬርስ፣ ለዋሽንግተን ስቴት የእንክብካቤ ፈንድ፣ የሚቆረጠውስ ለማን ነው?

ነርሷ፦ ለአንተው! መሥፈርቱን ካሟላህና እርዳታ ካስፈለገህ ከጁላይ 2026 ጀምሮ እስከ 36,500 ዶላር ታገኛለህ። ለኬርጊቨርም ለመያዣ ብረትም ይሆናል። ለእናትህ ግን እሱን አትጠብቅ፤ ዛሬ አስተክልላቸው።

ታክስ ከፋይ፦ ብረቱን አስተክላለሁ። ያልኩትን ግን አላነሣም።

የሬንተን እናት፦ በሚቀጥለው ስብሰባ እኛም እንናገራለን። ከፈረቃ የሚመጡትን ሁሉ ይዤ ነው የምመጣው።