ቀመሩን ያውቁታል፣ አካፋዩ ግን ይጠፋባቸዋል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብረ ብርሃን ውስጥ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ማለትም በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠናውን ትምህርት፣ አስተምራለሁ። መላ ያላችሁ እርዱኝ።

የኢንሲደንስን (በአንድ ጊዜ ውስጥ አዲስ የታመሙት ለበሽታው ለተጋለጠው ሕዝብ ሲካፈሉ) እና የፕሪቫለንስን (አዲስም ነባርም ሕሙማን በጠቅላላ ለሕዝቡ ሲካፈሉ) ቀመር ብትጠይቋቸው እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። በቅርቡ ይህን ሰጠኋቸው፦ ለቀን ሥራ ወደ ቆላው ሸዋ ሮቢት ወርዶ የሰነበተ ሰው ደብረ ብርሃን ተመልሶ ሲመረመር ወባ ተገኘበት፤ የት ይቆጠር? አብዛኞቹ ሳያመነቱ ለደብረ ብርሃን ሰጡት፤ በከተማው ሕዝብ ቁጥርም አካፈሉት። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት አገር፣ «ትንኟ የት አግኝታ ነከሰችው?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው እ.ኤ.አ. በ1854 የለንደኑን ኮሌራ ከአንድ የውኃ ፓምፕ ጋር ያያያዘበትን ታሪክም ነግሬያቸዋለሁ። ወደዱት፣ ለፈተና ሸመደዱት፣ በዚያው ቀረ። ለንደን ለእነርሱ ሩቅ ነው።

ተማሪው የጤና ኬላ መዝገብ ይዞ «ከስንት ሰው? ከየትኞቹ? በየትኛው ጊዜ ውስጥ?» ብሎ ራሱ እንዲጠይቅ ያደረጋችሁበት የክፍል ልምምድ ካላችሁ አካፍሉኝ። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ስላለው ሁሉንም ይዤ ወደ ቀበሌ መውጣት አይሆንልኝም። ስላይድ ግን አትላኩልኝ፤ እርሱስ ሞልቶኛል።