የጋራ መመሪያው ዕቅድ፦ የማሳ መረጃ አሰባሰብ

ጸሐፊው፦ ረቂቁ ተከፍቷል፤ ሁሉም ገብቶ ይጻፍ። የአውሮፓ ቡና ገዢዎች ለደን ሕጋቸው የሚጠይቁንን የማሳ መረጃ እያንዳንዳችን እንዴት እንደሰበሰብን በአንድ ሰነድ ይስፈር። የጉጂ ክፍል ጸሐፊ የለውም።

የጉጂው፦ ለእኔ ተዉት። ረቡዕ ይደርሳል።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ዳግም ለአማካሪ አልከፍልም። ያለፈው ያመጣልን ከኢንተርኔት የተገለበጠ ነበር።

የጅማው፦ የጅማን አስገብቻለሁ። ማሳው ከ4 ሄክታር ካልበለጠ አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ይበቃል፤ ግን ቁጥሩ ከዴሲማል ነጥቡ ቀጥሎ ስድስት አኃዝ ይኑረው። ከበለጠ ዙሪያውን እየዞሩ መመዝገብ ግድ ነው። መዝጋቢዎቹ ልጆች መንገድ ዳር ቆመው እንዳይመዘግቡ፤ የሠፈሩ ገበሬ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል።

የሲዳማው፦ ደን የተመነጠረበትን ቀን ማን ነው ወደ ፈረንጅ የቀየረው? ገበሬው እንደተናገረው ይጻፍ።

የጅማው፦ ሕጉ ከዚያ ወዲህ ደን ከተመነጠረበት ማሳ ቡና አይግባ ብሎ የሚቆርጠው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 31 ቀን 2020 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2013። ገበሬው «በ2014 መነጠርኩ» ካለ ገዢው ከገደቡ በፊት ነው ብሎ ያነበዋል። የሐሰት መረጃ ሰጠን ማለት ነው።

የሲዳማው፦ እኔ ቡና ስልክ አንተ ተማሪ ነበርክ። የራሳችንን ዘመን ደብቀን ነው የምንነግደው?

የጅማው፦ ጋሼ፣ ኮንቴይነር ቢመለስ እርስዎ ይከፍላሉ?

የሲዳማው፦ ታስፈራራኛለህ? የሲዳማን ክፍል አንሥቻለሁ።

ሒሳብ ያዥዋ፦ ኧረ ማንም አያጥፋ! የሁላችንም ገንዘብ ነው ያለበት።

ጸሐፊው፦ መልሼዋለሁ። ከዊኪፔዲያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 ኑፔዲያ የሚባል የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ተጀምሮ ነበር። በባለሙያ ሰባት ደረጃ ካላለፈ ጽሑፍ አይወጣም፤ ጥቂት አውጥቶ ከሰመ። እ.ኤ.አ. በ2001 የመጣው ዊኪፔዲያ ለሁሉም ተከፍቶ ነው ያደገው፤ የተሰረዘውም ይመለሳል። እኛም እንደዚያ እንሥራ።

የሲዳማው፦ ታሪኩ ይቆየን። ቀኑን ወስኑ።

የይርጋጨፌዋ፦ ሁለቱም ጎን ለጎን ይጻፍ።

የሲዳማው፦ የእኛ ይቅደም።

የጅማው፦ ይቅደም። «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» ካልተለየ ግን አልፈርምም። ጋሼ፣ ስለ ጥላ ዛፍ የጻፉት ከሁላችንም ይበልጣል። ዛፉ ሲገረዝ ከሳተላይት የተጨፈጨፈ ሊመስል ይችላል፤ ከግርዛቱ በፊትና በኋላ ፎቶ ይነሣ ያሉት በሁሉም ክፍል ይግባ።

የሲዳማው፦ ይግባ። ፎቶዎቹን እልካለሁ።

የይርጋጨፌዋ፦ የዘመን መለወጫ ሠንጠረዥ ብንሠራስ? መዝጋቢዎቹ በየማሳው እያሰሉ ነው የሚሳሳቱት።

ሒሳብ ያዥዋ፦ በካሌንደር መልክ ይታተም። በየማጠቢያ ጣቢያው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

የሲዳማው፦ የማኅበሩ ዓርማ ይኑርበት። የኅትመቱን ግማሽ እኔ እችላለሁ።

ጸሐፊው፦ መመሪያውስ? ጉጂ ባዶ ነው። ሰውዬው ስልክ አያነሣም።

የይርጋጨፌዋ፦ ትናንት ኦንላይን ነበር።

ሒሳብ ያዥዋ፦ መጀመሪያ ካሌንደሩ ይውጣ። ከሁለት ማተሚያ ቤት ዋጋ እጠይቃለሁ።

የሲዳማው፦ ከለቀማ በፊት ይድረስ።

የጅማው፦ የስድስት አኃዟ ማስታወሻም ከሥር ትታተም፤ በትልቁ።