እናቴ መርከብ ላይ ወድቃ እጇ ተሰበረ፣ ኢሜይሉ ይበቃል?

ከማያሚ ወደ ባሃማስ ስንጓዝ መርከቡ ላይ፣ መዋኛው አጠገብ እናቴን እርጥብ ወለል አዳልጧት ወደቀች። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ማስጠንቀቂያ ምልክት አልነበረም፤ ፎቶ አንስቻለሁ። የመርከቡ ክሊኒክ ራጅ አንስቶ፣ በጀሶ አስሮ 1,900 ዶላር አስከፈለን። እማዬማ "ነፍሴን ያተረፈ ይመስገን፣ ተይው" ነው የምትለኝ።

የአደጋ ሪፖርት ሞልተናል፤ ቅጂውን ግን ከለከሉን። ለመርከብ ድርጅቱ ሁለቴ ኢሜይል ላክሁ፤ መልሱ "እያጣራን ነው" ብቻ። የትኬቱን ደቃቅ ጽሑፍ አሁን ሳነበው፣ በ6 ወር ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ በ1 ዓመት ውስጥ ደግሞ እዚያው ማያሚ ፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ግድ ነው ይላል። እኛ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። 5 ወር ሞልቶናል።

እንዲህ የገጠማችሁ፣ የላክሁት ኢሜይል በጽሑፍ እንዳሳወቅሁ ይቆጠርልኛል ወይስ ተቀባዩ ፈርሞ የሚረከበው ደብዳቤ በፖስታ ልላክ?