ሽመናን ከግድግዳ አውርዶ ማቆም ይቻላል?

የቀሐ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ነው ያለሁት። አባቴ ሸማኔ ነው፣ ድውር ሳቀብለው ነው ያደግኩት። ሰሞኑን የፖላንዷን ማግዳሌና አባካኖቪችን ሥራዎች በፎቶ አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መሥራት የጀመረቻቸው ናቸው፤ ከጣሪያ ተንጠልጥለው አንዱ እንደ ትልቅ ካባ፣ አንዱ እንደ ዋሻ አፍ የሚታዩ፣ ግን ከላይ እስከ ታች ሽመና። እኛ ጋ ሸማ ይለበሳል ወይ ይዘረጋል፣ በቃ። አያቴ ፈትላ ትታልኝ ካለፈችው ራሱን ችሎ የሚቆም ነገር ልሠራ ብዬ ሁለት ክንድ ያህል ሠርቼ ሞከርኩ። ከዕቃው ሳወርደው እንደ እርጥብ ነጠላ ተልፈሰፈሰ። ምን ላድርግ?

አዘዞ፦
ችግሩ ጥጡ ነው እህቴ። አባካኖቪች በብዛት የሠራችው በቃጫ ነው፣ እኛ ገመድ በምንገምድበት በዚያው። ከወደብ ያገኘችውን አሮጌ ገመድ እየፈታች፣ እያቀለመች ነበር የምትሸምነው። ቃጫ ራሱን ይሸከማል። ድሩን ቃጫ፣ ማጉን ጥጥ አድርጊና ጠበቅ አድርገሽ ምቺው። የአያትሽን ፈትል ግን በሙከራ አትጨርሺው፣ እባክሽ። ደግሞስ የግድ መቆም አለበት ያለሽ ማነው? የእሷም እኮ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ ክብደቱ ወደ ታች ሲጎትተው ነው ቅርጹ የሚወጣው።

ቁስቋም፦
እኔ ደግሞ ጠፍጣፋውን አትናቂው እላለሁ። ሸማኔዋ አኒ አልበርስ እ.ኤ.አ. በ1949 ኒውዮርክ በዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለብቻዋ ያሳየችው በአብዛኛው ጠፍጣፋ ሽመና ነው። ከሁሉ በላይ ግን የራሳችንን የሐር መጋረጃ እዪው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የጎንደር መጋረጃ። አንዱ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ። ሌላው ቶሮንቶ ነው፣ ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም። መጋረጃው ላይ የሚታዩት ሰዎች በቀለም የተሳሉ አይደሉም፤ ቀዳዳ ባላቸው ትንንሽ ሰሌዳዎች ድሩን አሳልፈው፣ ሰሌዳዎቹን እያዞሩ እዚያው ክሩ ውስጥ ነው ያወጧቸው። የተሠራውም ለግድግዳ ጌጥ አይደለም፣ መቅደሱን ሊጋርድ ነው። ቦታን በጨርቅ መክፈል ድሮም የኛ ሙያ ነበር፣ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል፣ ለማየት እንኳ ባሕር መሻገር አለብን።

ወስፌ፦
ቅርጽ ከፈለግሽ ሞሰብ ቤትሽ የለም? ስፌት ያለ ድርና ማግ ነው ሽቅብ የሚነሳው። ቀጭን የቃጫ ገመድ መሃል አድርጊ፣ ክሩን ጠምጥሚበት፣ እያንዳንዱን ዙር ከታችኛው ጋር ስፊው። ገመዱን ሳብ ስታደርጊው አፉ ይጠባል፣ ለቀቅ ስታደርጊው ይሰፋል። እናቴ ክዳኑን ስትሰፋ በየዙሩ በመዳፏ ትለካው ነበር፣ አንዴ ከዘለልሽው ይጣመማል።

የቀሐ ልጅ፦
ተባረኩ። ከገበያ ቃጫ ገዝቼ በወስፌ ዘዴ ጀመርኩት፣ የአያቴን ፈትል አልነካሁም። እስካሁን አንድ ስንዝር ተኩል ሆኗል፣ በአንድ በኩል ትንሽ አዘመመ እንጂ ቆሟል። አባቴ ትናንት ማታ ዝም ብሎ ሲያገላብጠው ቆየና «አፉን አትዝጊው» አለኝ። ሲያልቅ ፎቶውን እዚሁ አደርገዋለሁ። ቁስቋም፣ እንደዚያ ያለ ሰሌዳ በእንጨት የሚያወጣልኝ ሰው እዚህ ከተማ ታውቃለህ?