ትከሻም ኪስም ሳይጎዳ፦ ለበርካታ ቀናት የእግር ጉዞ ምን ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጀማሪ ተጓዥ

ለሁላችሁም ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ከባልንጀራዬ ጋር አምስት ቀን ገደማ የሚፈጅ የእግር ጉዞ ለማድረግ አቅደናል፤ በመንገዱ ላይ ማደሪያ ቤት ስለሌለ ድንኳኑን፣ መኝታውን፣ ምድጃውንና ምግቡን ሁሉ በጀርባችን ተሸክመን እንሄዳለን። ሌሊቱ እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊቀዘቅዝ እንደሚችልና ዝናብም እንደማይጠፋ ተነግሮናል። ያሰብኩትን ዕቃ ሁሉ አሰባስቤ ስመዝነው፣ ምግብና ውኃ ሳይጨመርበት 14 ኪሎ ሆነ። የእኔ የሰውነት ክብደት 62 ኪሎ ስለሆነ፣ ስንቁና ውኃው ሲታከልበት ጉዞው ደስታ መሆኑ ቀርቶ ቅጣት እንዳይሆንብኝ እሰጋለሁ።

በሌላ በኩል ቀላል ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች ክብደታቸው በቀነሰ ቁጥር ዋጋቸው ይንራል። ስለዚህ ገንዘቤ ለአንድ ዋና ዕቃ ብቻ የሚበቃ ቢሆን የትኛውን ብገዛ ይሻላል? የቀረውን ክብደትስ ያለ ወጪ ከየት መቀነስ እችላለሁ? አሁን ያለኝ የሁለት ሰው ድንኳን 3.2 ኪሎ፣ የመኝታ ከረጢቴ 2.1 ኪሎ፣ ባዶው የጀርባ ሻንጣዬ ደግሞ 2.4 ኪሎ ይመዝናሉ።

መልስ፦ ሚዛን ያዥ

ሸክሙን መዝነው መጠየቅዎ ሥራውን አቅልሎልናል፤ ክብደቱ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ከግምት አያልፍምና። ምግብ፣ ውኃና ነዳጅ ሳይቆጠር የሚገኘው መነሻ ክብደት በተለምዶ ከ9 ኪሎ በታች ሲሆን ቀላል፣ ከ4.5 ኪሎ በታች ሲወርድ ደግሞ እጅግ ቀላል ይባላል። ሁለተኛውን ወሰን በትንሽ ገንዘብ ማሳደድ አያዋጣም። ለእርስዎ የሚበጀው ከራስዎ አካል የሚነሳው ስሌት ነው። ሙሉው ሸክም ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል የሚለውን የተለመደ መመሪያ ከተቀበልን፣ የእርስዎ ጣሪያ 12.4 ኪሎ ይሆናል። ለአምስት ቀን በቀን 700 ግራም ምግብ 3.5 ኪሎ፣ ሁለት ሊትር ውኃ 2 ኪሎ፣ ነዳጅ ደግሞ 300 ግራም ያህል ቢሆን ለዕቃው የሚተርፈው 6.6 ኪሎ ነው። ምግቡ በየቀኑ እየተበላ ስለሚቀንስ በ8 ኪሎ ዕቃ ቢነሱም አይጎዱም፤ 14 ኪሎ ግን በግልጽ ይበዛል።

አሁን ወደ ቅነሳው እንሂድ። ሁለት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ ድንኳኑን ለብቻዎ የሚሸከሙበት ምክንያት የለም፤ አንዳችሁ የውጭውን ሸራና ካስማውን፣ ሌላው የውስጡን ክፍልና ዘንጎቹን ብትይዙ ድርሻዎ ወደ 1.6 ኪሎ ይወርዳል። ምድጃ፣ ድስት፣ የውኃ ማጣሪያና የጥርስ ሳሙና ሳይቀር ለሁለት ሰው አንድ ይበቃል። አንዳችም ሳይገዙ ሁለት ኪሎ ያህል የሚቀንሱት በዚህ መንገድ ነው።

ገንዘቡን በመኝታ ከረጢቱ ላይ እንዲያውሉ እመክራለሁ፤ ከሦስቱ ዋና ዕቃዎች ውስጥ ለባልንጀራ የማይካፈለው፣ ብልሃትም ብዙ የማይተካው እሱ ነው። ለ5 ዲግሪ የሚሆን፣ በዳክዬ ወይም በዝይ ለስላሳ ላባ የተሞላ ከረጢት ከአንድ ኪሎ በታች ሊገኝ ይችላል። ላባው ከረጠበ ግን ተጣብቆ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ በሰው ሠራሽ ቃጫ የተሞላው ደግሞ ይከብዳል፣ ነገር ግን ይረክሳል፣ እርጥበትም ይበልጥ ይችላል። ሲገዙ አይኤስኦ 23537 በሚባለው መስፈርት የተጻፉትን የሙቀት ቁጥሮች ለይተው ያንብቡ፤ ሊመለከቱት የሚገባው «ምቹ» የተባለውን እንጂ «ጽንፍ» የተባለውን አይደለም፤ የኋለኛው የሚናገረው ስለ ጥሩ እንቅልፍ ሳይሆን በሕይወት ስለማደር ነው። በብርድ ልብስ መልክ የተሠራ፣ ከጀርባ በኩል ክፍት የሆነ ዓይነትም አለ። ከሰውነት በታች የሚውለው የከረጢቱ ክፍል በክብደታችን ተጨፍልቆ ሙቀት ስለማይዝ ያንን ክፍል ማስቀረት ክብደትንም ዋጋንም ይቀንሳል።

ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ የሚከላከለው ምንጣፉ ነው፤ አቅሙም አር ቫልዩ በሚባል ቁጥር ይገለጻል። 400 ግራም ያህል የሚመዝነው ተራ የስፖንጅ ምንጣፍ 2 አካባቢ አለው፣ አይተነፍስም፣ አይቀደድም፣ ርካሽም ነው። ለእርስዎ ሌሊት ካነሰ ሌላ ስስ ምንጣፍ ይደርቡበት፤ የሁለቱ ቁጥር ይደመራል።

ሻንጣውን ግን አሁን አይግዙ። የቀረው ዕቃ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ሳይታወቅ የተገዛ ሻንጣ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል፤ ሰፊ ሻንጣ ደግሞ ባዶ ቦታውን የሚሞላለት ትርፍ ዕቃ አያጣም።

መልስ፦ ደመና ጠባቂ

ከላይ በተሰጠው ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ስለ መካፈል የተባለው ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ዘንጉን ይዞ ሳለ በጭጋግ ወይም በመንገድ ስህተት ሁለቱ ቢለያዩ፣ በሁለቱም እጅ ያለው ለማደሪያ የማይረባ ግማሽ ዕቃ ነው። ስለዚህ ድንኳኑን ብትካፈሉም እያንዳንዳችሁ የዝናብ ልብስ፣ የሚሞቅ ሹራብ፣ የግንባር ባትሪ፣ ካርታ፣ ላይተር፣ ፊሽካና ትንሽ የመጀመሪያ ዕርዳታ መያዣ ለየራሳችሁ ያዙ። እነዚህ ሁሉ ተደምረው ከአንድ ኪሎ ተኩል ብዙ አይበልጡም፤ ግራም ለመቆጠብ ሲባል የሚነኩም አይደሉም። የሰውነት ሙቀት አደገኛ በሆነ ሁኔታ የሚወርደው በበረዶ ላይ ብቻ ይመስለናል፤ በእውነቱ ግን 5 ዲግሪ ላይ ሆኖ የረጠበና ነፋስ የሚመታው ሰው ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው።

ክብደት ከልብስ ሲቀነስ መቁጠሪያው ቀኑ መሆን የለበትም። ለአምስት ቀን አምስት ሸሚዝ አያስፈልግም፤ አንድ የሚሄዱበት፣ አንድ ደግሞ ማታ ብቻ የሚለብሱት ደረቅ ልብስ ይበቃል። ሁለተኛው በምንም ምክንያት ቀን አይወጣም፣ ጠዋት የረጠበውን መልሶ መልበስ ምንም ያህል ቢያስጠላ። ጥጥ ውኃ ይዞ ስለሚቆይና ሲረጥብ ስለሚያቀዘቅዝ ከዝርዝሩ ይውጣ፤ በምትኩ ተራ የፖሊስተር የስፖርት ልብስ ወይም የሱፍ ሹራብ፣ የተለበሰም ቢሆን፣ ሥራውን በሚገባ ይሠራል። ዕቃን በየዓይነቱ የሚከፋፍሉ ትናንሽ ከረጢቶችን ትታችሁ ሻንጣውን ከውስጥ በአንድ ወፍራም የቆሻሻ ላስቲክ ብታለብሱት ከውድ የሻንጣ መሸፈኛ የተሻለ ከዝናብ ይጠብቃል፤ መሸፈኛው በጀርባ በኩል የሚገባውን ውኃ አይከለክልምና።

በድንኳን ፋንታ ሸራ ብቻ ወጥሮ ማደርን የሚመክሩ ይኖራሉ። ክብደቱም ዋጋውም እጅግ ዝቅተኛ ነው፤ ሆኖም ነፋስ አቅጣጫ ሲቀይር ሸራውን እንደገና መወጠር ለማያውቅ ጀማሪ ዝናባማ ሌሊት ጥሩ መማሪያ አይደለም።

መልስ፦ የእግር መንገድ

ውድ ዕቃ የግድ እንዳልሆነ ለማሳየት ብዙ ጊዜ የምትጠቀሰው ኤማ ጌትዉድ ናት። በ1955 እ.ኤ.አ. በ67 ዓመቷ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአሜሪካን የአፓላችያን መንገድ ብቻዋን የጨረሰችው ራሷ በሰፋችው የጨርቅ ከረጢት፣ በሸራ ጫማ፣ በአንድ ብርድ ልብስና ከዝናብ በሚጋርዳት የመታጠቢያ ቤት ላስቲክ መጋረጃ ነው፤ ድንኳንም የመኝታ ከረጢትም አልነበራትም። ታሪኩን የሚተርኩት ሰዎች ግን በመንገድ ዳር ያሉ ቤተሰቦች በየጊዜው እንዳሳደሯትና እንዳበሏት መጨመሩን ይዘነጋሉ። ማደሪያ ቤት በሌለበት መንገድ እሷን መምሰል አይመከርም፤ ከእሷ የምንወስደው ጫማውን ነው። በእግር ላይ የሚታሰር ክብደት በጀርባ ከሚሸከሙት ተመሳሳይ ክብደት በርካታ እጥፍ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ከባድ ቡት ጫማ ያለው ሰው፣ መንገዱ በረዶ ወይም ስለታም ድንጋይ ካልሆነ በቀር፣ በለመደው ቀላል የሩጫ ጫማ ቢሄድ በሻንጣው ውስጥ በውድ ዋጋ ከሚያተርፈው ግራም የበለጠ ያተርፋል።

ጀማሪ ተጓዥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ድንኳኑን አካፍዬ፣ ትርፍ ልብሱንና ከረጢቶቹን አውጥቼ፣ ጠንካራውን የውኃ ጠርሙስ በተራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ተክቼ ስመዝን 9.6 ኪሎ ደርሻለሁ፤ የመኝታ ከረጢቱ ሲቀየር ደግሞ ወደ 8.5 እንደምወርድ እገምታለሁ። ሁለት ነገር ይቀረኛል። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የሚሠራው የአልኮል ምድጃ ከጋዝ ምድጃ ይሻላል ወይ? ውኃን ለማከምስ ርካሹና ቀላሉ መንገድ የትኛው ነው?

መልስ፦ ሚዛን ያዥ

የጣሳው ምድጃ ከጥቂት ግራም አይበልጥም፣ ዋጋም የለውም፤ ሂሳቡ የሚገለበጠው ነዳጁ ሲታሰብ ነው። አልኮል በክብደቱ ልክ ሲነጻጸር የሚሰጠው ሙቀት ከጋዝ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለአንድ ሰው አንድ ሁለት ሌሊት ያዋጣል፤ ለሁለት ሰው ለአምስት ቀን በየጠዋቱና በየማታው የሚፈላ ከሆነ ግን ጥቅሙ እየሳሳ ይሄዳል። ነበልባሉ በፀሐይ ብርሃን አይታይም፣ ከተነካም ይፈስሳል፣ በእሳት ክልከላ ወቅትም በብዙ ቦታ አይፈቀድም። 100 ግራም ያህል የሚመዝን በጋዙ ቆርቆሮ አናት ላይ የሚታሰር ምድጃ ለሁለት ስትካፈሉት ወጪውም አይከብድም። ጋዙን ሲመርጡ ተራ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነኑን ስለሚያቆም ከአይሶቡቴንና ከፕሮፔን ጋር የተቀላቀለውን ይያዙ። ድስቱ አሉሚኒየም ይሁን፤ ቲታኒየም የሚያተርፍልዎት ግራም ለዋጋው አይበቃም። የትኛውም ምድጃ ቢሆን በተዘጋ ድንኳን ውስጥ አይለኮስ፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላልም።

መልስ፦ ደመና ጠባቂ

ስለ ውኃው እኔ ልመልስ። ማፍላት ያለ ጥርጥር ይሠራል፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ደግሞ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ነገር ግን የምትጠጡትን ሁሉ ለማፍላት የሚያስፈልገው ነዳጅ ራሱ ሸክም ነው። የክሎሪን ጠብታ ወይም እንክብል ከሁሉ ይቀላል፣ ይረክሳልም፤ ግማሽ ሰዓት መጠበቅን ይጠይቃል፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለውን ጥገኛ ተሕዋስም በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። 0.1 ማይክሮን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ማጣሪያ ይህንን ተሕዋስና ባክቴሪያን ያስቀራል፣ ቫይረስን ግን ያሳልፋል። ሰውና ከብት በሚበዛበት ውኃ አጠገብ ሁለቱን አንድ ላይ መጠቀም ይገባል፤ ተጣምረውም ከ150 ግራም ብዙ አይርቁም። ማጣሪያው አንዴ ውኃ ከገባበት በኋላ ውኃው በረዶ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቆ ይበላሻል፣ መበላሸቱም በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ ሌሊቱ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ በመኝታ ከረጢት ውስጥ ይዘውት ይደሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የጥርስ ብሩሽ እጀታ ቆርጠው ግራም የሚቆጥቡ ሰዎች ምንጭ በየሁለት ሰዓቱ በሚገኝበት መንገድ ላይ ሦስት ሊትር፣ ማለትም ሦስት ኪሎ ውኃ ተሸክመው ሲሄዱ ይታያሉ። የውኃ ቦታዎቹን በካርታ ላይ አስቀድማችሁ ምልክት አድርጉባቸው፤ በየምንጩ ጠጥታችሁ እስከሚቀጥለው የሚያደርስ ያህል ብቻ ያዙ።

ጀማሪ ተጓዥ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ባልንጀራዬ 900 ግራም የሚመዝን የጀርባ ሻንጣ ሊያውሰኝ ይችላል፤ ውስጡ ግን ደጋፊ ዘንግ የለውም። በእሱ ብሄድ ያስኬደኛል?

መልስ፦ ሚዛን ያዥ

ሻንጣው በ1.5 ኪሎ ስለሚቀል መነሻ ክብደትዎ ወደ 7 ኪሎ ይደርሳል፤ በመጀመሪያው ቀን ከነስንቁ 13 ኪሎ ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ዘንግ የሌለው ሻንጣ እስከ 10 ኪሎ ድረስ ይመቻል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ይጎብጥና ክብደቱን ከወገብ ላይ አንሥቶ ትከሻ ላይ ይጥለዋል። ስንቁ ተበልቶ ሸክሙ እስኪቀል ድረስ የስፖንጅ ምንጣፉን አጣጥፈው በጀርባ በኩል ከውስጥ ያቁሙት፤ እንደ ዘንግ ሆኖ ያገለግላል። ምግቡንና ውኃውን በምንጣፉ ላይ አስጠግተው በትከሻና በወገብ መካከል ያድርጉት፣ መኝታው ከታች ይግባ፣ የዝናብ ልብሱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ይሁን። የወገብ ቀበቶ ከሌለው ግን አይዋሱት፤ የራስዎን ሻንጣ ይዘው ይሂዱ።