ዶላር መክፈያ የሌለው ተጫዋች ክራክ ጌም ቢጭን ሌባ ነው?

አወያይ፦ መከራከሪያችን ይህ ነው። ስቲም የተባለው የኢንተርኔት ጌም ሱቅ ለኢትዮጵያ የሚያሳየው ዋጋ በዶላር ነው፤ አብዛኛው ሰው እጅ ያለው የብር ካርድ ደግሞ እዚያ አይሠራም። ተጫዋቹ ወይ ክራኩን (መከላከያው ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚሠራውን ቅጂ) ከቶረንት፣ ማለትም ሰዎች ፋይል በቀጥታ ከሚለዋወጡበት መረብ ያወርዳል፣ ወይ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ጌም የሚጭን ሱቅ ይሄዳል። ይህ ስርቆት ነው? «ሁሉም ያደርገዋል» መልስ አይሆንም፤ «ሕግ ይከለክላል» ብቻውንም አይበቃም። የውጭ ጉዳይ ስትጠቅሱ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር አድርጉት።

ብርሌ፦ ስርቆት አይደለም። ስርቆት ከባለቤቱ ላይ ማጉደል ነው። መክፈል የማይችል ሰው ባያወርደውም አይገዛውም ነበር፤ ስለዚህ ከሠሪው ኪስ የጎደለ ሳንቲም የለም። ሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የ60 ዶላር ጌም ከ3,400 ብር ተነስቶ 6,000 ተሻገረ። የተጫዋቹ ደመወዝ አብሮ አልተነሳም። የስቲም ባለቤት የሆነው የቫልቭ ኃላፊ ጌብ ኒውዌል ራሱ በ2011 ክራክ የሚበዛው በአብዛኛው በዋጋ ሳይሆን በአገልግሎት ጉድለት ነው ብሏል። ለእኛ ደግሞ የመክፈያው በር ራሱ ዝግ ነው።

ሸማኔ፦ ብርሌ፣ በሩ ክፍት በሆነበት ምን እንደተፈጠረ እንይ። ግሪንኸርት ጌምስ የሚባል የሁለት ወንድማማቾች ስቱዲዮ በሚያዝያ 2013 ጌም ዴቭ ታይኩንን በ8 ዶላር አወጣ። የቅጂ መከላከያ አልነበረውም፤ ከገዛህ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ትጫወተዋለህ። በዚያው ቀን ወንድማማቾቹ ራሳቸው ትንሽ የተቀየረ ቅጂ ቶረንት ላይ ለቀቁ። በመጀመሪያው ቀን 214 ሰው ገዝቶ ሲጫወት 3,104 ሰው የቶረንቱን ቅጂ ተጫወተ፤ ከመቶ 93 በላይ ማለት ነው። በዚያ ቅጂ ውስጥ ተጫዋቹ የሚያስተዳድረው የጌም ኩባንያ ትንሽ እንዳደገ «ሰዎች ጌምህን ሳይከፍሉ እያወረዱ ነው» ይባልና ይከስራል። እነዚሁ ተጫዋቾች ጌሙ ውስጥ የቅጂ መከላከያ መሥራት ይቻል እንደሆነ ጽፈው ጠየቁ! ዋጋው ትንሽ፣ መክፈያው ቀላል፣ ጥበቃው ምንም። ታዲያ የቱ አገልግሎት ጎደለ?

ብርሌ፦ 3,104ቱ ሁሉ ገዢ ሊሆኑ ይችሉ ነበር ብሎ መቁጠር ግን ስህተት ነው። በአውሮፓ ኮሚሽን ገንዘብ ተሠርቶ በ2017 የወጣው ጥናት ሳይከፍሉ ማውረድ የጌም ሽያጭን እንደሚቀንስ ጠንካራ ማስረጃ አላገኘም።

ጦቢያ፦ እዚህ ላይ ሁለታችሁም ጊዜን ረስታችኋል። ዴኑቮ የሚባለውን መከላከያ የተጠቀሙ ጌሞች ላይ የተሠራ በ2024 የታተመ ጥናት አለ። ክራኩ ጌሙ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ከተገኘ ጠቅላላ ገቢው በአማካይ 20 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ መከላከያው 12 ሳምንት ከቆየ ግን ጉዳቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጌም አብዛኛውን ገንዘቡን የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ስለዚህ «ማንንም አይጎዳም» የሚለው አዲስ ለወጣ ጌም አይሠራም፤ «እያንዳንዱ ክራክ የጠፋ ሽያጭ ነው» የሚለው ደግሞ ለቆየ ጌም አይሠራም። ብርሌ ዛሬ የወጣ ጌም ዛሬውኑ ካወረደ ድህነት አያስመልጠውም፤ ድሃም ሦስት ወር መታገስ ይችላል።

አንቀጽ፦ ስለ ሕጉ የሚወራው ብዙ ስለሆነ ላጥራ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ የኮምፒውተር ፕሮግራምን ግን ከዚህ ፈቃድ ያወጣዋል፣ ጌም ደግሞ ፕሮግራም ነው። መብቱን አውቆ የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ተደንግጎበታል። የውጭ ሰው ሥራ ግን ጥበቃ የሚያገኘው በዋናነት እዚህ አገር የመጀመሪያ ኅትመቱን ሲያገኝ ወይም አገራችን በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ሲሸፈን ነው፤ ኢትዮጵያ ደግሞ የደራሲንና የሠሪን መብት በአገሮች መካከል ከሚያስጠብቀው የበርን ስምምነት ውጭ ለአሥርት ዓመታት ቆይታለች። ክፍተቱ እውነት ነው። ግን ኩኩሉና ገበታ የተባሉትን ጌሞች የሠራው ቅኔ ጌምስ የአገር ልጅ ነው፤ አዋጁ እሱን በቀጥታ ይጠብቃል። የአንዱን ጌም ስትጭን ደህና፣ የሌላውን ስትጭን ወንጀል እንዲሆን ያደረገው የስምምነት ፊርማ ነው። ሠሪዎቹ ያፈሰሱት ላብ አንድ ነው፤ ለዚህ ነው ክፍተቱን ለኅሊና መሸሸጊያ ማድረግ የማልቀበለው።

ሸማኔ፦ ሱቁንስ? ብርሌ «ከማንም ኪስ አልጎደለም» አለ፤ ጫኙ ሱቅ ግን በእያንዳንዱ ጌም ያስከፍላል። ብር ተከፍሏል፤ የተከፈለው ግን ምንም ላልሠራ ሰው ነው። ያ ተጫዋች መክፈል እንደሚችል በገዛ እጁ አሳየ።

ብርሌ፦ ሱቁን አልከላከልም። ግን ያው ብር ለስቲም ልስጥ ቢል የሚቀበለው የለም። በቴሌግራም የጌም ቁልፍ የሚሸጡ አሉ፤ እሱ አይሻልም?

ጦቢያ፦ አይሻልም፤ ለሠሪው ከክራክ የሚከፋበት ጊዜ አለ። ፋክቶሪዮ የተባለውን ጌም የሚሠራው ዉቤ ስቱዲዮ የደረሰበትን ተመልከት። ሌባ በተሰረቀ ካርድ ከስቱዲዮው ድረ ገጽ ቁልፍ (ጌሙን የሚከፍት ኮድ) ይገዛል፤ ከዚያ ቁልፉን በመልሶ መሸጫ ገበያ ይቸበችበዋል። የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን በባንኩ በኩል ሲያስመልስ ሠሪው ገንዘቡን መልሶ፣ በላዩ ለባንኩ ቅጣት ይከፍላል። ጂቱኤ የተባለው ገበያ 198 እንዲህ ያሉ ቁልፎች በእሱ በኩል እንደተሸጡ በ2020 አምኖ 40,000 ዶላር ገደማ ከፍሏል። ክራክ ያወረደ ሰው ሠሪውን ገቢ ያሳጣዋል፤ ይሄኛው ዕዳ ያሸክመዋል። ለዚህ ነው አንዳንድ ትናንሽ ስቱዲዮዎች «ከዚያ ከምትገዙ ክራኩን አውርዱ» ያሉት። ከመደበኛው ዋጋ በግማሽ የሚሸጥ አዲስ ቁልፍ ካየህ እለፈው።

አወያይ፦ እንግዲያው ሕጋዊው መንገድ የቱ ነው? በተግባር ንገሩን።

ሸማኔ፦ ኤፒክ የተባለው የጌም ሱቅ ከታኅሣሥ 2018 ጀምሮ ጌም በነፃ ይሰጣል፣ አሁን በየሳምንቱ፤ ለመውሰድ ካርድ አይጠይቅም፣ አካውንት ይበቃል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው በስቲም ጓደኛ ያድርገው፤ ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ ዘመድየው የዲጂታል ስጦታ ካርድ ይልካል፣ ገንዘቡ ቀጥታ ዋሌት ውስጥ ይገባል። ቪፒኤን ከፍቶ ርካሽ አገር ያለ መምሰል ግን አካውንት ያሳግዳል።

ኢንተርኔት ለከበደው ደግሞ፣ የገዛኸውን ያንኑ ጌም በስቲም የጫነ ሰው ጋ ሂድ፤ «ስቲምአፕስ» ውስጥ «ኮመን» ከሚለው ፎልደር የጌሙን ፎልደር ገልብጥ። አንተ ኮምፒውተር ላይ እዚያው ቦታ አስቀምጥና ከዚያ በኋላ ብቻ በራስህ አካውንት «ኢንስቶል» በል። ስቲም ያለውን ፋይል ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ሳትገለብጥ ኢንስቶል ካልክ ከዜሮ ይጀምራል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት ከተደረገ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸገረው፤ ወደ ኤክስፋት ቀይረው። ጂኦጂ (GOG) የተባለው ሱቅ ላይ የገዛኸው ደግሞ መጫኛው ራሱ ይወርዳል፤ ለሌላ ማከፋፈል አይፈቀድም እንጂ ከአካውንት ጋር አይታሰርም።

አንቀጽ፦ የክራኩን አደጋም አትርሱ። «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚለው መመሪያ ብዙ ክራክ ላይ ስላለ ሰው ለምዶታል። የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ በ2024 መጨረሻ በደረሰበት ዘመቻ ቢምኤንጂ ድራይቭንና ጋሪስ ሞድን በመሳሰሉ ጌሞች መጫኛ ውስጥ ክሪፕቶ ቆፋሪ (በሰው ኮምፒውተር ጉልበት ዲጂታል ገንዘብ የሚያመርት ፕሮግራም) ተደብቆ ነበር። ቆፋሪው 8 ኮርና ከዚያ በላይ ያለው ፕሮሰሰር ካላገኘ አይነሳም፤ ስለዚህ በደካማ ላፕቶፕ የሞከረው ጓደኛ «ንጹሕ ነው» ቢልህ ማረጋገጫ አይሆንም።

ብርሌ፦ እሺ፤ አዲስ ጌምንና ሱቁን ትቻለሁ። አንድ ነገር ግን አልለቅም። በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ የድሮ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ አይገኙም። ጌም አምራቹ ዩቢሶፍት በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራውን ዘ ክሩ የተባለ ጌሙን ሰርቨር (የሚያገናኘውን ማዕከላዊ ኮምፒውተር) መጋቢት 31 ቀን 2024 ዘጋው፤ የከፈሉበትም መጫወት አቃታቸው። የማይሸጥን ጌም ሳይከፍሉ ማውረድ ማንን ይጎዳል?

ሸማኔ፦ ማንም የማይሸጠው ከሆነ እኔም አልቃወምህም። ሆት ላይን ማያሚ 2 በ2015 አውስትራሊያ ውስጥ ሲከለከል ሠሪው ራሱ «ክራኩን አውርዱ» ብሏል። ግን «እኔ መግዛት አልቻልኩም» እና «ማንም መግዛት አይችልም» የሚሉትን አታደባልቃቸው።

ጦቢያ፦ ዘ ክሩን ክራክ ብቻውን አያስነሳውም፤ የጌሙ ግማሽ ሰርቨሩ ላይ ነበርና ያንን የሚመስል ሰርቨር ከዜሮ መሥራት ይጠይቃል። ውጤት ያመጣው ጩኸት ነው፦ ዩቢሶፍት በመስከረም 2024 ለቀጣዮቹ የዘ ክሩ ጌሞች ያለ ኢንተርኔት መጫወቻ እንደሚያዘጋጅ አሳወቀ። ብርሌ ለድሮ ጌም የሚቆረቆረውን ያህል በገዛነው ላይ የሚዘጉትን ብንሞግት፣ የማንንም ሥራ ሳንወስድ እናተርፋለን።