ጅቡቲ ያየኋት ትንሽ ዓሣ ምን ትባላለች?

ሰበቴው፦
ሰላም ቤተሰብ፣ የሰበታ ልጅ ነኝ። ለሥራ ጅቡቲ ሄጄ ሙሻ ደሴት ጋ በመነጽር ስዋኝ አሸዋው ላይ ቁጭ ያለች ዓሣ በስልክ ቀረጽኩ። ርዝመቷ ጣት ቢያክል ነው። ነጣ ያለች ናት፣ ጎኗ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ መስመር ከላይ ወደ ታች ተሰምሮባታል። ጠጋ ስል ከኋላዋ ወዳለው ጉድጓድ ሹልክ አለች። ጓደኛዬ ብሌኒ የምትባለው የዓሣ ዓይነት ናት ብሎ ድርቅ ብሏል። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ፣ ስሟን ሳላውቅ መተው አልቻልኩም።

ባዮ ቲቸር፦
ብሌኒ አይደለችም፣ ጎቢ ናት። ለጊዜው ቀለሟን ተወውና የጀርባዋን ክንፍ እይ። የጎቢ ለሁለት የተከፈለ ነው። የብሌኒ አንድ ረጅም ክንፍ ሆኖ እስከ ጅራቷ አካባቢ ይዘልቃል፣ ብዙዎቹም ከዓይናቸው በላይ ጸጉር መሰል ነገር አላቸው። የብዙ ጎቢዎች የሆድ ክንፍም ተገጣጥሞ መጣበቂያ ይሆናል፣ እሱ ግን ከላይ በተነሳ ቪዲዮ አይታይም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሽሪምፕ (ብዙ እግር ያላት ትንሽ የባሕር ፍጥረት) አላየህም?

ሰበቴው፦
ወይ ጉድ! አሁን ቀስ አድርጌ ሳየው አሸዋ እየገፋ የሚያወጣ ነገር አለ። ክንፏም ሁለት ነው።

ባዮ ቲቸር፦
በቃ፣ ሽሪምፕ ጎቢ ናት። እኔ ከባሕር ፍጥረት ሁሉ እነዚህን ነው የምወደው። ሽሪምፑ ቀኑን ሙሉ ይቆፍራል፣ ዓይኑ ግን በጣም ደካማ ስለሆነ ውጭ ሲወጣ አንቴናውን ዓሣዋ ላይ አሳርፎ ነው የሚሠራው። አደጋ ስታይ ጅራቷን ታርገበግባለች፣ እሱም ወዲያው ይመለሳል። ነገሩ ከቀረበ እሷም በጭንቅላቷ ተወርውራ ትገባለች። እሷ ቤት አገኘች፣ እሱ ዘበኛ።

ሙሌ ሱሉልታ፦
ቲቸር ልክ ነው። ዝርያዋን በተመለከተ የእኔ ግምት አምብሊኢሊኦትሪስ ስታይኒትዚ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1974 በሳይንስ የተመዘገበችው። ዊለሪ የምትባለው ዘመዷ መስመሯ ሰፋ ያለና ደማቅ ቀይ ነው፣ አንተ ካልከው ጋር አይሄድም። ሱንጋሚ የምትባለው ሌላዋ ዘመዷ ግን ከስታይኒትዚ ጋር በጣም ስለምትመሳሰል ክንፏን ዘርግታ ከጎን የተነሳች ፎቶ ሳናይ መማል አይቻልም። ቪዲዮው ውስጥ እንደዚያ የምትታይበት ቦታ ካለ ቆርጠህ ለጥፍልን። የዓሣ ምርምር ማዕከሉም እዚያው ሰበታ አይደል? ሥራቸው በአብዛኛው የሐይቅና የወንዝ ዓሣ ቢሆንም ብቅ ብለህ ብታሳያቸው አይከፋም።

ሰበቴው፦
አንድ ቦታ ላይ ወደ ጎን ዞር ትላለች፣ ማታ እለጥፈዋለሁ። ተባረኩ!